መርዶ በፖስታ አይሄድም

ስቶክሆልም፣ መስከረም 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አምሳለ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በጤና አደረሰዎ። እዚህ እንቁጣጣሽ የሥራ ቀን ነው። እኔም ሥራ ውዬ ማታ ራሴን በመስታወት እያየሁ «እንኳን አደረሰህ» አልኩት፤ እሱም እንዲሁ አለኝ። ከዚህ በቀር ጤናዬ ደህና ነው፤ ያ የ84ቱ ሕመሜም አልተመለሰብኝም።

የዛሬው ደብዳቤዬ ከሰላምታ ያለፈ ጉዳይ አለው። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ትምህርት ቤታችን ያፈራን፣ በዚህ በስካንዲናቪያ የምንኖር የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመናል። ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ሥራችን በቀይ ሽብር የረገፉ ጓደኞቻችንን ማስታወስ ነው። በግቢው ውስጥ፣ ከባንዲራው አጠገብ፣ ስማቸው የተቀረጸበት እምነበረድ እናቆማለን፤ በምረቃው ዕለት የሚነበብ የሕይወት ታሪካቸውንም በትንሽ መጽሐፍ እናሳትማለን። የሌሎቹን ታሪክ ቤተሰቦቻቸው ይልካሉ። የክፍል ጓደኞቼን የአምሐንና የሚካልን ግን ከእርስዎ በቀር ማን ይጽፈዋል? አራተኛ ክፍልን ሁላችንም በእጅዎ አይደል ያለፍነው! ሌላም የሞተ ተማሪ ካለ ይጨምሩበት።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። በ84 የላካችሁልኝ፣ ነጭ ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ከአልጋዬ ራስጌ ነው። ወንድሜ ቴዎ ግን ምን ነካው? አሰብ ወደብ ሥራ ይዟል ካላችሁኝ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈልኝም። ከአገር ስወጣ ገና ሕፃን ስለነበረ እንደ ወንድም አያውቀኝ ይሆናል፤ አልቀየምኩትም። በሰው እጅ ጃኬት ልኬለታለሁ። ልክ ከሆነው ንገሩኝ።

አክባሪዎ፣
ቦጋለ


መካኒሳ አቦ፣ ኅዳር 6 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጄ ለቦጋለ፣

ትናንት በወሩ አቦ ስምህን ጠርቼ ለምኜልሃለሁ። ሕዝቡ ብዙ ነበር፣ ሁሉም ይለምናል፤ ያንተ ተራ መድረሱን አላውቅም። ብቻ አቦ ይጠብቅህ።

ደብዳቤህን ለእናትህ ለውዳሴ አነበብኩላት። እንደምታውቀው ፊደል አልቆጠረችም፤ አንተን የምትሰማህ በእኔ አፍ ነው። ደህና ነኝ የምትለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

የሕይወት ታሪክ ጻፊ አልከኝ። እዚህ አገር የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ አልረሳኸውም መቼም። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ።» በየቀብሩ እሰማዋለሁ። ሰፈራችን ይህን ያህል ደራሽ ከነበረው ይሄ ሁሉ ችግረኛ ከየት መጣ? እኔ እንደዚያ አልጽፍም። የማውቀውን እጽፋለሁ፤ የማውቃቸው ደግሞ በልጅነታቸው ነው።

አምሐ ከላፍቶ በሩጫ ነበር የሚመጣው። ትምህርት ወዶ እንዳይመስልህ፤ ውሻ ይፈራ ነበር። ከወንዙ ማዶ ወተት የሚሸጡት ሰውዬ ውሾች ነበሯቸው፤ ከደጃቸው ጀምሮ ሮጦ ክፍል ሲገባ ነው ትንፋሹ የሚመለሰው። የሂሳብ የቤት ሥራ ካንተ ይገለብጣል፤ ስህተትህንም አብሮ ስለሚገለብጥ ሁለታችሁንም የምይዛችሁ በዚያ ነበር። ድምፁ ጎላ ያለ በመሆኑ ባንዲራ ሲሰቀል መዝሙር የሚያወጣው እሱ ነው። በ70 ጥር ላይ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ አስፋልቱ ዳር ተጋድሞ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁት። አስተማሪ ነኝ፤ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም። ያን ቀን ግን ቻልኩ። ውሻ ይዞረው ነበር። ውሻውን በድንጋይ አባረርኩትና ወደ ክፍል ገባሁ። ማልቀስ ክልክል ነበር።

ሚካል እርሳስ በምላጭ ስትቀርጽ የሚወዳደራት አልነበረም፤ ክፍሉ ሁሉ እርሳሱን ይዞ ይሰለፍላታል። ስትዘምር ግን ጆሮ ታሳምም ነበር። እሷ አታውቀውም፤ እኛም አልነገርናትም። ከቤቷ የወሰዷት በነጠላ ጫማ እንኳ አይደለም፣ በባዶ እግሯ ነው። እናቷ ጫማዋን ይዛ መኪናውን ተከትላ ሮጠች። ጫማው ዛሬም እናቷ ዘንድ አለ።

ሌሎች ሁለት ልጆችም አሉኝ፤ እነሱን ለብቻ እልካለሁ። ጃኬቱ ደርሷል። እናትህ ሰቅላዋለች። ቴዎ ያለበት ነው ያለው።

አምሳለ


ስቶክሆልም፣ ጥር 19 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አምሳለ፣

እንኳን ከብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ። የላኩልኝን አንብቤ አልቅሻለሁ። ለኮሚቴውም አንብቤላቸው ልባቸው በጣም ተነክቷል።

ሆኖም መጽሐፉ ለታሪክ የሚቀመጥ ስለሆነ ጥቂት ማስተካከያ አድርገናል፤ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አለኝ። አምሐ ውሻ ይፈራ ነበር የሚለው ወጥቷል። ለሕዝብ ደሙን ያፈሰሰ ሰው ውሻ ፈሪ ነበር ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። የቤት ሥራ መገልበጡም ቀርቷል። የሚካል አዘማመር «ድምጿ ለጭቁኖች ያስተጋባ» በሚል ተተክቷል። ጫማው ቆንጆ ነው፤ እሱ እንዳለ ይቀመጣል።

የሁለቱን ልጆች ታሪክ እጠብቃለሁ። እነማን ይሆኑ? ያላወቅናቸው ሰማዕታት ካሉ ለማኅበራችን ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ቴዎ የጻፉልኝን ሥራ አልቀየረም ማለት እንደሆነ ተረድቻለሁ። አንድ ቦታ መርጋቱ ጥሩ ነው። ጃኬቱ ልክ ሆነው ወይ? አልነገሩኝም።

አክባሪዎ፣
ቦጋለ


መካኒሳ አቦ፣ መጋቢት 7 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጄ ለቦጋለ፣

የዓመቱ አቦ በዝናብ አለፈ፤ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሳይበተን ወረደብን። አንተንም ከብርዱ ይሰውርህ።

ማስተካከያህን አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ጊዜ ጥሎኝ ያንተን እርማት ለመቀበል በቃሁ። ውሻውን አውጣው። ግን ውሻ የማይፈራውን አምሐ እኔ አላስተማርኩትም፤ የእናንተ ነው፣ ያዙት።

አሁን ሁለቱን ልጆች ስማ።

ዋቅቶላ ከለቡ፣ ከገበሬ ቤት ነው የሚመጣው። አንድ ሰኔ ወንዙ ሞልቶ መሻገር አቃተው። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ነበር። እኔ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ ቆመን ጥያቄውን ጮኼ እያነበብኩለት፣ መልሱን ጮኾ እየነገረኝ ተፈተነ። ሰፈሩ ሁሉ መልሱን ሰማ፤ ያን ዓመት ያለፈው ብዙ ነው። በ81 ጎመን ሸጦ ሲመለስ አፈሳ ላይ ደረሰ። ታውቀው እንደሆነ እንጃ፤ መንገድ ዘግተው ወጣት ወጣቱን ከመኪና እየጫኑ ወደ ጦር ሜዳ የሚወስዱበት ነው። እናቱ ገዲሴ ጆንያው መንገድ ላይ ወድቆ አገኘችው። ጦሩ ተበትኖ ወታደሩ በየመንገዱ ሲለምን፣ እያንዳንዱን እያስቆመች «ዋቅቶላን አታውቀውም?» ስትል ከረመች። አንዱ አዘነላትና መሞቱን ነገራት።

የሁለተኛውን ስም አልጽፍልህም። እናቱ ከልክላኛለች። መርዶ ያልተነገረው ዘመድ አለው፤ እሱ ሳይሰማ የልጄ ስም ከሙታን ጋር ወረቀት ላይ እንዳይወጣ ትላለች። መርዶ እንዴት እንደሚነገር መቼም አልረሳህም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ በር አንኳክቶ፣ የሚወድቀውን ሰው የሚይዝ ተዘጋጅቶ ነው። ብቻውን ለሚኖር ሰው በፖስታ አይሄድም። ስለዚህ ለጊዜው ቦታ ብቻ ያዝለት።

ይሄ ልጅ ግራኝ ነበር። የጻፈውን በክንዱ እየጠረገ ስለሚሄድ እጅጌው ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። የአውሮፓን ካርታ ሳሉ ብዬ ሳዝ አንዲት አገር ብቻ አሳምሮ ቀለም ይቀባና ሌላውን ባዶ ይተወዋል። ጨርስ ስለው «ሌላው ምን ያደርግልኛል?» ይለኛል። እሱንም ላፍቶ ላይ ከኳስ ሜዳ አፈሱት፤ በቁምጣ እንዳለ ሄደ። በ82 ምጽዋ ላይ ሞተ።

ሁለቱም ጦርነቱን አልመረጡትም። ድንጋይህ ላይ ይግቡልኝ። በዕድሜዬ ካንተ የለመንኩት ይሄ ብቻ ነው።

አምሳለ


ስቶክሆልም፣ ሰኔ 9 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አምሳለ፣

እንደምን ሰንብተዋል? መልሴ የዘገየው በቸልታ አይደለም። ኮሚቴው ደጋግሞ ተሰብስቦ መክሮበታል። ውሳኔው፣ ድንጋዩ በቀይ ሽብር ለተሰዉት ብቻ እንዲሆን ነው። የደርግ ወታደሮች በድንጋዩም በመጽሐፉም አይገቡም።

በኮሚቴው ስም ብቻ ጽፌ ብተወው ይቀለኝ ነበር። እርስዎ ስለሆኑ ግን የራሴንም ልንገርዎ። እኔም በውሳኔው እስማማለሁ። አምሐን የገደለው ጠመንጃና እነዚያ ልጆች የተሸከሙት ጠመንጃ ከአንድ መጋዘን የወጣ ነው። መታፈሳቸው ያሳዝናል፤ ግን ያልፈለገ ይሸሻል፣ እኛ ሸሽተን የለም እንዴ? ለማንና ለምን እንደሚሞት ሳያውቅ የወደቀ ልጅ ከሰማዕታት ጎን አይጻፍም። እናቱ ታልቅስለት። ድንጋይ ግን አይገባውም።

ስም የለሹ ልጅማ ጭራሽ አልገባኝም። ስሙን ሸሽጎ ቦታ ያዙለት ማለት ምን ማለት ነው? ደግሞስ ይህን ያህል ዓመት «ልጁ የት ደረሰ?» ብሎ አጥብቆ ያልጠየቀ ዘመድ ምን ዓይነት ዘመድ ነው? ለእንዲህ ያለው ሰው መጠንቀቅ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም።

በዚህ እንደማንቀያየም እተማመናለሁ። ለቴዎ ሁለተኛ ጃኬት ልኬያለሁ፤ ይሄኛው ሰፋ ያለ ነው። ከአሰብ ሲመጣ ቁመቱን በክር ለክታችሁ ክሩን በፖስታ ላኩልኝ። ለእናቴ ጤናዬ በጣም ደህና መሆኑን ይንገሩልኝ።

አክባሪዎ፣
ቦጋለ


መካኒሳ አቦ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1987 ዓ.ም.

ቦጋለ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ አሟላልሃለሁ። ዛሬ ምርቃት ከአፌ አይወጣም።

የሰኔውን ደብዳቤህን ለእናትህ ሳነብላት ጤናህን የሚለውን አነበብኩና የቀረውን ዘለልኩት። የስም የለሹ ልጅ እናት ደግሞ «ቦታው ተያዘለት ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተይዟል አልኳት። በስተርጅና ውሸት አስጀመርከኝ።

ያልፈለገ ይሸሻል አልክ። አንተ ስትሸሽ እስከ መተማ መንገዱን የሚያውቅ አጎት ነበረህ። ዋቅቶላ የሚያውቀው መንገድ ከለቡ እስከ ቄራ ነው። ያኛውም ልጅ ልሽሽ ቢል እናቱን ለማን ትቶ? ታላቅየው ቀድሞ ሄዶበታል።

የገዳይን ጠመንጃ ከአንድ መጋዘን ማውጣትህን አልከራከርህም፤ አንተ ተምረሃል። እኔ ግን አንዱን ልጅ አስፋልት ላይ ሬሳውን አይቼ፣ ሌላውን በቁምጣው ሲጫን አይቼ፣ የቱ ልጅ የማን እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። ሁሉም የእኔ ናቸው።

ሁለት ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ከድንጋዩ ግርጌ ሁለት መስመር ባዶ ተውልኝ። ሁለተኛው፣ ለምረቃው ራስህ ና። ሰው አትላክ፣ ደብዳቤ አትላክ፤ አንተ ና። አጠገቤ አስቀምጬህ የምነግርህ ነገር አለኝ።

ጃኬቱ ደርሷል። ቁመት ለመለካት አልተመቸንም።

አምሳለ


ስቶክሆልም፣ መስከረም 15 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አምሳለ፣

እንኳን ለዘመን መለወጫ አደረሰዎ። እንደተቆጡብኝ ገብቶኛል፤ የአስተማሪ ቁጣ እስከ እርጅናም ያስፈራል ለካ።

መምጣቱ አልሆነልኝም። የያዝኩት የስደተኛ ፓስፖርት ነው፤ ወደ ሁሉም አገር ያስገባል፣ ከአንዱ በቀር። ዜግነት እስካገኝ መታገሥ አለብኝ። ምረቃው ጥቅምት ላይ በእሑድ ቀን ይሆናል። ጽሑፉ ለድንጋይ ጠራቢው ተልኳል። ስለ ባዶዎቹ መስመሮች ያሉትን ለኮሚቴው አቅርቤ ይታሰብበታል ተብሏል።

ጎረቤታችን ኑሪ፣ ባለ ሱቁ፣ ለዓይን ሕክምና እዚህ መጥቶ ቤቴ ድረስ ጠየቀኝ። እጅግ ደስ አለኝ። ነገር ግን ሰውየው ምን እንደሆነ አላወቅሁም። እራት እየበላን ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። «ጓደኞች የሉህም? ጠርተህ ሰብስባቸው እንጂ!» አለኝ። ሥራ ላይ ናቸው አልኩት። ቴዎን አሰብ ሄደህ አግኝተኸው ታውቃለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው «አላህ ያውቃል» አለና ተነስቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ። ተው ብለው እምቢ አለኝ። ያ ትልቅ ሰው የቤቴን ሳህን ሁሉ፣ ያልቆሸሸውንም ጭምር፣ አጥቦ ሄደ። ዓይኑ አሳስቦት ይሆናል፤ ሲወጣ እንባው ይፈስ ነበር።

እናቴ ለምረቃው ትምጣ። የልጇን ሥራ ትይ። ጃኬቶቹ ልክ ሆኑት ወይ?

አክባሪዎ፣
ቦጋለ


መካኒሳ አቦ፣ ኅዳር 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለቦጋለ፣

ምረቃው ተደርጓል። እናትህም እንዳልከው መጣች፤ ገዲሴም አብራት መጣች። ሁለቱ ከጀርባ ቆሙ። ሕፃናቱ ዘመሩ፣ ዳይሬክተሩ ተናገረ፣ አንዱ የአምሐንና የሚካልን ታሪክ አነበበ። እኔ የጻፍኩት መሆኑን ያወቅሁት ጫማው ላይ ሲደርስ ነው። የሚካል እናት ራሷን ይዛ ጮኸች። ከዚያ ጨርቁ ተገፈፈ።

ሰው ሲበታተን እናትህ ወደ ድንጋዩ ቀረበች። እጇን ከላይ ጀምራ በየመስመሩ እያስኬደች «ይሄ ማነው? ይሄስ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ግርጌው ጋ ስትደርስ «ይሄኛውስ?» አለች። ያንተ ስም ነው። ባዶ ተውልኝ ባልኩህ ቦታ ኮሚቴህ የማኅበሩን ስም፣ ከሥሩም «ሊቀ መንበር» ብሎ ያንተን ስም አስቀርጾበታል። «የቦጋለ ነው» አልኳት። ጎንበስ ብላ ሳመችው። ቀና አለችና «የቴዎስ?» አለችኝ።

ቦጋለ፣ እዚህ ላይ አቁምና ሰው ጥራ። ጎረቤትም ይሁን፣ ፈረንጅም ይሁን፣ አንድ ሰው አጠገብህ ይቀመጥ። ወረቀቱ አይሸሽም።

ወንድምህ ቴዎ ሞቷል። ስም የለሹ ልጅ እሱ ነው። ካርታው ላይ ለብቻዋ ቀለም ይቀባት የነበረችው አገር፣ አንተ ገባህባት የተባለችው ስዊድን ናት። አሰብ አልሄደም፤ ምጽዋ ነው የቀረው። አብሮት የነበረ ልጅ በሱዳን በኩል ተመልሶ በ83 መጨረሻ ነገረን። ያኔ ልናረዳህ ስንመካከር ሆስፒታል መግባትህን ሰማን። ይታገሥ፣ ይዳን ተባለ። ስትድን «ከሕመም የተነሳ ሰው አይደነገጥም» ተባለ። እንዲህ እያልን ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ነጭ ለብሳ የተነሳችው ፎቶ እንዳትጠረጥር ብለን የላክነው ነው፤ ነጠላው የእኔ ነው፣ ጥቁሯን አስወልቀናት ፎቶ ካነሳናት በኋላ መልሳ ለበሰችው። ኑሪን አደራ ብለን የላክነው ለመርዶ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ «አፌ እምቢ አለኝ፤ ብቻውን ነበር» ብሎ ደጃችን ላይ አለቀሰ።

ይህንን ዛሬም አልጽፈውም ነበር። መርዶ በፖስታ አይሄድም፣ ነውር ነው። ግን ከድንጋዩ ፊት ቆመን እናትህ «ጻፊለት» አለችኝ። «ሌላውን ሁሉ በወረቀት ነግሮናል፤ ይሄንንም በወረቀት ይስማ።» ያለችው ይህንኑ ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

እግዚአብሔር ያጽናህ። ስቀየምህ ከርሜ፣ አሁን ብቻህን ስታነበው እያሰብኩ ፖስታውን ማሸግ አቃተኝ።

አምሳለ


ስቶክሆልም፣ መጋቢት 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

እትዬ አምሳለ፣

ሰው አልጠራሁም። ማንን ልጥራ?

ኑሪ ያጠባቸውን ሳህኖች አውጥቼ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸውና መሃላቸው ተቀመጥኩ። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ሥራ ቀርቼ ሰነበትኩ። የሰኔውን ደብዳቤ ምን ብዬ እንደጻፍኩት ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ ትዝ ሲለኝ ደግሞ እንዲረሳኝ እሞክራለሁ። ለእናቴ እንዳያነቡላት በአቦ እለምንዎታለሁ።

መልስ ለመጻፍ ስጀምር ስንቴ አቋረጥኩ። አንድ ነገር ላድርግ ብዬ ኮሚቴውን ሰበሰብኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ አልቅሰዋል። በልዩ ሁኔታ ተፈቅዷል፤ የእኔ ስም ከግርጌው ተፍቆ በምትኩ የቴዎ ስም ይቀረጻል። ጠራቢውን አነጋግሩልኝ። ታሪኩም በሁለተኛው እትም ይገባል፤ ካርታው፣ እጅጌው፣ ሁሉም ይግባ። ምንም አይቀነስ።

እናቴ ምን አለች? እባክዎ ያለችውን ሁሉ ይጻፉልኝ።

ቦጋለ


መካኒሳ አቦ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለቦጋለ፣

የትንሣኤው ጌታ ያጽናናህ። እኛም እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር፤ አንተ ካለቀስክ ዘንድ ብለው ጎረቤቶቹ ድንኳን ሊጥሉ ምንም አልቀራቸው።

ያለችውን ሁሉ ጻፊልኝ ብለሃል፤ እጽፋለሁ። ደብዳቤህን ሳነብላት «እንዳያነቡላት» የምትለው ላይ ስደርስ ልዘለው ነበር። ከድንጋዩ ወዲህ የሚዘለል የለም ብዬ ምዬላታለሁ። አነበብኩት። «የሰኔውን አምጪ» አለችኝ። አመጣሁና እሱንም ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። «ድንጋይ ግን አይገባውም» እስከሚለው፣ «ምን ዓይነት ዘመድ ነው» እስከሚለው ድረስ።

ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። ከዚያ «ቴዎ መሆኑን አውቆ ነው እንዲህ ያለው?» አለችኝ።

«ኧረ ምን በወጣው፣ ሳያውቅ ነው!» አልኳት።

«እሱማ ሳያውቅ ነው። የሌላ ሰው ልጅ መስሎት ነው እንዲህ ያለው» አለች። «የሰው ልጅ ሲመስለው እንዲህ ይላል ማለት ነው? የባሰው ይሄ አይደለም እንዴ፣ አምሳለ?»

ሁለታችሁንም ያስተማርኩ እኔ ነኝ።

ቀጥላ «ልዩ ሁኔታ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ለቴዎ ብቻ ተፈቅዷል ማለት ነው» አልኳት። «ዋቅቶላስ?» አለች። ገዲሴ አጠገባችን ተቀምጣ ለነገ ገበያ ጎመን እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «ተዪው ውዳሴ፤ አንቺ ያንቺን አጻፊ። የኔ እኔ ጋ ነው» አለቻት። እናትህ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፦ «ገዲሴ ስዊድን ልጅ የላትም። ስለዚህ ልጇ ልዩ ሁኔታ የለውም። ቴዎ ድንጋይ ላይ ከወጣ ከዋቅቶላ ጋር ይወጣል፤ ካልሆነ እዚሁ እኔ ጋ ይቅር። የቦጋለንም ስም አትፋቁት፣ ያደረገው ነገር ነው፣ ይታይለት።»

ጠራቢውን አላነጋገርኩትም። ከኮሚቴህ የምትልከው ስም አንድ ከሆነ አትልከው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ስለ ጃኬቶቹ ደጋግመህ ጠይቀህ መልስ አልሰጠሁህም። እናትህ ሁለቱንም ከግድግዳው ላይ ሰቅላቸው፣ ብል እንዳይበላቸው በየጊዜው ፀሐይ ታወጣቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰፊውን አውርዳ ለገዲሴ ሰጠቻት። ገዲሴ ጠዋት ጠዋት እሱን ለብሳ፣ እጅጌውን አጥፋ፣ ከመካኒሳ አደባባይ ጎመን ትሸጣለች። ልክ ሆነ ወይ ስትል ነበር። ልክ አይደለም፤ ግን ይሞቃታል።

አምሳለ